ግንቦት ላይ የተለካ ወንዝ

መሪማ እባላለሁ። ዲላ አጠገብ ባለችው ጪጩ፣ ድልድዩ ዳር ሻይ ቤት አለኝ። ከእኛ ሽቅብ የቡና መፈልፈያ አለ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ እሸት ቡና ሲያጥብ እጣቢውን ወደ ወንዛችን ይለቀዋል። ያኔ ወንዙ ይጠቁራል፣ ይገማል። ልጄ ሸይማ በዚያ ውሃ እየታጠበች እግሯን ያሳክካታል፤ እስኪደማ ታከዋለች። የቦኖ ውሃ ይግባልን ብለን አራት ዓመት ለመንን። «መጀመሪያ ወንዙ ይጠና» አሉን።

ጥናቱ መጣላችሁ። በግንቦት!

አጥኚው ዶክተር በፍቃዱ ይባላል። መልካም ሰው ነው፣ ሲያወራም ያስቃል፤ ውሃስ ሲወስድ እያሳሳቀ አይደል? ላፕቶፑን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ ሞዴል የሚሉትን ሠራ። ኮምፒውተር ውስጥ የሚፈስ ወንዝ ነው።

«ለከፊል በረሃማ አካባቢ የተዘጋጀ ሞዴል ነው» አለኝ።

ዝናቡ ቆርቆሮዬን እየደበደበው መነጋገር እንኳ አልቻልንም። «በረሃው የት ጋ ነው ዶክተር?» ብዬ ጮህኩ።

«እናስተካክለዋለን።»

«ለምርመራ ውሃ የቀዱትም መፈልፈያው ተዘግቶ ሳለ ነው። ኅዳር ላይ ይምጡና ይዩት እንጂ!»

«መሪሜ፣ በጀቱ ሰኔ ሠላሳ ይዘጋል። ኅዳርን ሞዴሉ ራሱ ይሞላዋል።»

ሞላው! ኅዳር ላይ ዲላ አዳራሽ ተከራይተው ውጤቱን ሲያቀርቡ፣ ሻይ እንዳፈላ እኔኑ ጠሩኝ። ወንዛችን ግድግዳው ላይ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ዶክተሩ «ዓመቱን ሙሉ ለመጠጥ ይሆናል» አለ። ሰብሳቢው አቶ ከፍያለው ደግሞ «እንግዲያው ቦኖው ለሌላ ቀበሌ ይሁን» ብሎ አስጨበጨበ። ልጄ እኮ እግሯን በጨርቅ ጠቅልላ ቤት ተኝታለች።

ሻዩን አደልኩ። አንድ ሁለቴ ፉት እንዳሉለት፣ «ወንዛችን እንዲህ ከተመሰገነማ ብዬ ውሃውን ዛሬ ጠዋት ከዚያው ነው የቀዳሁት» አልኳቸው።

አቶ ከፍያለው ያፉን መልሶ ብርጭቆው ውስጥ ተፋ። ዶክተሩ የራሱን ብርጭቆ ገፍቶ ከወንበሩ ተነሳ።

«ምነው ዶክተር? ለመጠጥ ይሆናል አላሉም?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ኅዳር እኮ ነው!» ብሎ ጮኸብኝ።

ሰው ሁሉ ሰማው። እሱም ያለውን የሰማው ካፉ ከወጣ በኋላ ነው፤ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ወላሂ፣ ከምንጭ በአህያ ያስመጣሁት ውሃ ነው። እኔ ሰው አልመርዝም» አልኩ።

አንዳንዱ ሳቀ። እኔ የዋህ፣ አሁንስ ገባቸው ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ። ቃለ ጉባኤው ተነበበ፤ ጥናቱ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል፣ ለሚቀጥለው ስብሰባም ሌላ ሻይ አፍይ ይፈለግ።

«ቦኖውስ?» አልኩ።

አቶ ከፍያለው አፉን በሶፍት እየጠረገ፣ «ቅሬታ ካለሽ አመልክቺ። ወንዙ እንደገና ይለካል» አለኝ።

«መቼ?»

«በጀት ሲለቀቅ። ግንቦት ላይ።»