ስመኘው ከመስመሩ ውጭ

ስመኘው ወልደ ሥላሴ ኳስ መጫወት ያቆመው በሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። ወዶ አላቆመም፤ ቀኝ ጉልበቱ እምቢ ብሎት ነው። ከዚያ በፊት ግን አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ አጥቂ ነበር፤ መጀመሪያ በፍኖተ ሰላም፣ ኋላም አዲስ አበባ በአንድ ትልቅ ክለብ።

አባቱ መሪጌታ ወልደ ሥላሴ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ደብር ቅኔ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። ልጃቸውም እንደሳቸው ዜማውን ዘልቆ፣ ቅኔውን ተቀኝቶ ወንበር እንዲተከልለት ይመኙ ነበር። ስመኘው ግን ዳዊቱን እንደ ደገመ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ወዳለው መስክ ይወርድና ከተማሪዎቹ ጋር የጨርቅ ኳስ ሲያባርር ይውላል። ቢገሥጹት፣ ቢመክሩት አልሆነም። ኋላ ልጁ አዲስ አበባ ገብቶ ስሙ በሬዲዮ ሲጠራ፣ ጎረቤት እየሮጠ መጥቶ «መሪጌታ፣ ስመኘው ዛሬም ሁለት አገባ» ይላቸዋል። እሳቸውም ቀና ሳይሉ «በየእሑዱ እያገባ ምነው አንዲት ምራት እንኳ አላሳየኝ?» ይላሉ። ቃሉ ቡሬ ገበያ ላይ ተዛምቶ አዲስ አበባ ድረስ ደረሰውና ከጓደኞቹ ጋር ሲስቁበት ሰነበቱ።

በጨዋታ ዘመኑ የሚታወቀው በቴስታው ነበር። ቁመቱ መካከለኛ ቢሆንም ሲዘል ከረጃጅሞቹ ተከላካዮች ትከሻ በላይ ይታያል። ኳስ ማቀበል ግን አይወድም። ጓደኞቹ ሲቆጡት ግቡን አስቆጥሮ ይመጣና ነገሩ በዚያ ያልቃል። ጉልበቱ የተጎዳው በዝናብ ቀን፣ የማዕዘን ምት ለመግጨት ዘሎ ሲወርድ ነው፤ የነካው ሰው አልነበረም። ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ስምንት ወር አረፈ፤ ተመልሶ ሞከረ፤ ሩጫው ግን የድሮው አልሆነም። ዓመቱ ሲያልቅ ክለቡ አመስግኖ አሰናበተው።

ወደ ቡሬ ተመልሶ የአባቱን የበቆሎና የበርበሬ ማሳ ያዘ። ፍሬሕይወት የምትባል የደምበጫ ልጅ፣ ቡሬ ላይ የባዮሎጂ መምህርት የሆነች፣ አገባ። ኑሮው አልከፋም፤ ነገር ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ወደ ኳስ ሜዳ ዝር አላለም። በሜዳው በኩል የሚያልፈውን መንገድ ትቶ በገበያው በኩል ይዞር ነበር።

አንድ ቀን ፍሬሕይወት የቡሬ የሴቶች ኳስ ቡድን አሰልጣኝ ወደ መራዊ እንደ ተዛወረ፣ ልጆቹም ያለ ሰው እንደ ቀሩ ነገረችው። ስመኘው ከማግባት በቀር የሚያውቀው ነገር እንደሌለ መለሰላት።

«እነሱም የቸገራቸው ማግባቱ ነው» አለችው።

ሄደ። በመጀመሪያው ቀን አልጣሽ የምትባል ፈጣን ግራኝ ልጅ አየ፤ ሰብሊ የምትባል ከቦታዋ የማትነቃነቅ ተከላካይ አየ፤ ደስ አለው። ችግሩ፣ አልጣሽ ኳሷን በሳተች ቁጥር «እስቲ ስጭኝ» ብሎ ይቀበላትና ራሱ ይመታል። መረቡ ይንቀጠቀጣል፤ ልጆቹ ያጨበጭባሉ። እሱም ይሞቀውና ደግሞ ይመታል። ቤት ሲገባ ጉልበቱ አብጦ ፍሬሕይወት በረዶ ትይዝለታለች። እንዲህ እያሉ ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፉ፤ መራዊ ላይማ አራት ለባዶ።

ከዚያ በኋላ ፍሬሕይወት ልምምዱን ልታይ ወጣች። ስትመለስ ክፉ ቃል አልተናገረችም።

«ልጆቹ የሚመጡት አንተን ለማየት ነው» አለችው። «መጫወቱን ላንተ ትተውልሃል።»

ተቀየማት። በማግስቱ በርበሬ ማሳው ውስጥ ብቻውን ሲኮተኩት ዋለ። እየኮተኮተ ያለፉትን ሳምንታት አንድ በአንድ ሲያስታውስ፣ ስለ ልጆቹ ያየው ነገር ጥቂት፣ የራሱ ምት ግን ሁሉም ትዝ አለው። አፈረ። ማታ ጥፋቱ የሱ እንደ ሆነ ነግሯት እራቱን በላ።

በሚቀጥለው ልምምድ ታኬታውን ቤት ትቶ፣ ለንግሥ የሚያደርገውን ጥቁር ቆዳ ጫማ ተጫምቶ መጣ። ልጆቹ ሊሰናበታቸው የመጣ መስሏቸው ፊታቸው ጠቆረ። እሱ ግን ከመስመሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ እጆቹንም ከጭኑ ሥር ከተታቸው። አልጣሽ መታች፤ ኳሷ ከግቡ በላይ ወጣች።

«ለምን የወጣችብሽ ይመስልሻል?» አላት።

አሰበች። «ሰውነቴን ወደ ኋላ ጥየው ነበር።»

«እንግዲያ ድገሚያት።»

ቀላል አልነበረም። አንድ ጊዜ ኳሷ እየተንከባለለች እግሩ ሥር መጣች፤ ከድንጋዩ ብድግ አለ፤ ቆሞ አያትና አሳልፏት ተቀመጠ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ከዚያ ወዲህ ግን እርስ በርሳቸው መነጋገር፣ መተራረም ጀመሩ። ማሸነፍም መጣ።

የመጨረሻው ጨዋታ ፍኖተ ሰላም ላይ ነበር። አቻ ከወጡ ባሕር ዳር ለሚደረገው ውድድር ያልፋሉ። አንድ ለአንድ ሳሉ፣ ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ፍፁም ቅጣት ምት አገኙ። አልጣሽ ኳሷን አስቀምጣ ወደ ስመኘው ዞረች። እሱ ከመስመሩ ውጭ እንደ ተቀመጠ ቀረ። መታች፤ ኳሷ ቋሚውን ገጭታ ወጣች። የቀረውን አሥር ደቂቃ ሰብሊ ከነጓደኞቿ እየተከላከለች፣ በረኛዋ ትሕትናም አንድ የማይያዝ ኳስ ይዛ አቻ ወጡ። አለፉ።

ሌሎቹ ሲጨፍሩ አልጣሽ ቋሚው ሥር ተቀምጣ ታለቅሳለች። ስመኘው ሄዶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«እኔ በዘመኔ ሰባት ስቻለሁ» አላት።

«እርስዎ?»

«አንዷንማ እዚሁ ሜዳ ላይ። አጥሩን ተሻግራ ባቄላ ማሳ ገባች፤ ባለማሳውም አልመልስም አለን።»

ልጅቱ በእንባዋ መካከል ሳቀች። ያን ቀን ምን እንዳደረገ ጠየቀችው።

«አኮረፍሁና እራቴን ሳልበላ ተኛሁ። አንቺ ግን ብይ፤ ረቡዕ ልምምድ አለ።»

ከሜዳው ሲወጣ ከዛፉ ጥላ ሥር ነጭ የጠመጠሙ፣ ጃንጥላ የያዙ ሽማግሌ ቆመው አየ። መሪጌታ ነበሩ። ለደብራቸው ጉዳይ ፍኖተ ሰላም መጥተው፣ ጨዋታውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይተውታል። ልጁ ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል አነሡት።

«ያችን ግራኝ ልጅ ከሳተች በኋላ ለምን አልቀየርካትም?» አሉት። «ሁለት ቅያሪ ቀርቶህ ነበር።»

ስመኘው ደነገጠ። «አባ፣ ኳስ ያውቃሉ እንዴ?»

ያን ሁሉ ዓመት እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ዘመዳቸው ቤት ገብተው በሬዲዮ ሲሰሙ እንደ ኖሩ ነገሩት። ጎረቤት እየሮጠ ሲመጣ ውጤቱን ቀድመው ያውቁት ነበር።

«ታዲያ ምነው አንድ ቀን እንኳ ሳይነግሩኝ?»

«እዚያው ቅኔ ቤቱ እንድትቀርልኝ ነበር የምፈልግ። አልቀረህልኝም፤ ያ ደግሞ አሳዝኖኝ ነበር። ግን ስትጫወት እሰማ ነበር።»

 ስመኘው ጃንጥላቸውን ተቀበላቸውና ወደ ጥያቄያቸው ተመለሰ፤ ያኔ ባስወጣት ሌላ ጊዜ ኳሷ ፊት አትቆምልኝም ብሎ አስረዳቸው። መሪጌታ አሰቡበት።

«ይሁን። ተከላካዮችህ ግን ተራርቀው ነው የሚቆሙ።»

«አልተራራቁም፣ አባ።»

«አይቻለሁ እኮ፤ በመካከላቸው በሬ ያልፋል።»

እስከ መናኸሪያው ድረስ እንዲህ እየተከራከሩ ሄዱ። መሪጌታ ከልጆቹ ጋር በአንድ መኪና ገቡ፤ ሰብሊም መስኮት ዳር ያለውን ቦታ ለቀቀችላቸው።

ባሕር ዳር ላይ ሦስተኛ ወጡ። አልጣሽ አራት አስቆጠረች፤ አንዱን በፍፁም ቅጣት ምት። በዓመቱ አንድ የሴቶች ክለብ ወሰዳት። ስመኘው አሁንም ቡሬ ነው፤ ጠዋት ማሳው ላይ ያረፍድና ከሰዓት ወደ ሜዳ ይወጣል። ያ ጥቁር ጫማ አልቆ ሌላ ገዝቷል። ዘንድሮ አሥራ አራት አዳዲስ ልጆች ተመዝግበዋል፤ አብዛኞቹ ከየገጠሩ በእግራቸው የሚመጡ ናቸው፤ ከመካከላቸውም በቴስታ ጥሩ የምትዘል አንዲት አለች።