የዶን ባውዲሊዮ የመስታወት ኩሬ

ለሌላው ደስታ የተዘጋጀውን ነገር ለራሱ ክብር መድረክ የሚያደርግ ሰው፣ ደስታውንም ያበላሻል፤ ክብሩንም ያጣል። በቺሊ ዳርቻ፣ ፒየድራ ላርጋ በምትባለው የዓሣ አጥማጆች መንደር የሆነው ነገር ይህንኑ ያስረዳል።

ዶን ባውዲሊዮ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠላቂ ነበሩ። በመጨረሻ የጥልቁ ውኃ ጫና ጉልበታቸው ውስጥ ገባና እግሮቻቸውን አሰረ። ቤታቸው ከገደሉ አናት ላይ ስለሆነ የባሕሩን ድምፅ ቀንም ሌሊትም ይሰማሉ፤ ወደ ታች መውረድ ግን ቀረባቸው። ቀድሞ በጨዋታቸው ጎረቤት ይሰበስቡ የነበሩት ሰው፣ የዓሣ ሾርባቸውን ሳይጨርሱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ማዞር ጀመሩ። አብራቸው የምትኖረው ልጃቸው ኤዱቪና ከባሕሩ ዳር የባሕር ቅጠል እየሰበሰበች የምትተዳደር ብርቱ ሴት ነበረች፤ የአባቷ ዝምታ ግን ከሸክሟ ሁሉ ከበዳት።

“ምን አማረዎት አባዬ?” አለቻቸው አንድ ቀን።

“ባሕር።”

“ይኸው በመስኮቱ ይታይ የለም እንዴ?”

“እሱማ ውኃ ነው፤ ቱሪስትም ያየዋል! እኔ የምልሽ ባሕሩ ሲሸሽ በዓለቶቹ መካከል የሚቀረውን ኩሬ ነው። ያ ሁሉ ጉድ የሚተራመስበትን።”

 አባቷ ወደ ኩሬው መውረድ ካልቻሉ ኩሬው ወደ እሳቸው መውጣት እንዳለበት ኤዱቪና በልቧ ወሰነች።

በመንደሩ ሥርዓት ከገደሉ በታች ያሉት ዓለቶች የሁሉም ናቸው፤ የአጥማጆቹ ማኅበር ሳይፈቅድ አንዲት ቀንድ አውጣ እንኳ የሚያነሣ የለም። ስለዚህ ኤዱቪና በስብሰባው መካከል ቆማ ፈቃድ ጠየቀች።

“ለመብል ነው ወይስ ለገበያ?” አሉ ሊቀ መንበሯ ዶና ኦቲሊያ።

“ለማየት ነው።”

ቤቱ በሣቅ ተናጋ። “ለማየትማ ማን ከለከለሽ? ውረጂና እስኪበቃሽ እይ!” አለ አንዱ ከኋላ።

“የማየው እኔ አይደለሁም፤ አባዬ ናቸው።”

 ማኅበሩም ከአንድ ኩሬ ብቻ፣ አንድ ባልዲ ብቻ እንድትወስድ ፈቀደላት። የዱሮውን ሕግ ለእሷ መንገር አያስፈልግም ነበር፤ ይሁን እንጂ ዶና ኦቲሊያ ነገሯት፦ የተገለበጠ ድንጋይ ሁሉ በሆዱ ተደፍቶ ይመለስ፤ ከሥሩ የሚኖረው ፍጥረት ፀሐይ ካገኘው ይሞታልና።

ኩሬው የሚገባበት ገንዳ የተሠራው ከተዘጋው ዳቦ ቤት የዳቦ ማሳያ መስታወት ነው። ኤዱቪና መስታወቱን በሲሊኮን አጣበቀች፤ ሽታው እስኪጠፋ ጠበቀች፤ ደጋግማም አጠበችው። ውኃው እንዳይሞቅ ፀሐይ በማትደርስበት በደቡቡ መስኮት ሥር አኖረችው። ዝናብ ባልጣለበት ቀን በጀልባ ርቃ ሄዳ የጠራ የባሕር ውኃ ቀዳች፤ አሸዋና ሐምራዊ የባሕር ተክል የለበሳቸውን ድንጋዮች አስገባች፤ ትንሽ የአየር መንፊያም አስነሣች። ከዚያ በኋላ እንስሳ ሳታስገባ ሳምንታት ጠበቀች፤ አዲስ ውኃ እስኪበስል፣ ቆሻሻን የሚያጠሩት ረቂቅ ተሕዋስያን እስኪበዙበት ድረስ ነፍስ ያለው ነገር አያኖርምና።

“ስንት ሳምንት ድንጋይ ልይ?” ብለው ዶን ባውዲሊዮ አጉረመረሙ። “መቃብር ነው የሠራሽልኝ ወይስ ኩሬ?”

“ይታገሡ አባዬ። ባሕር ውስጥ ስንት ዘመን የኖረ ሰው እንዴት ትዕግሥት ያጣል?”

“እዚያ ሆኜማ ከጀልባ በቱቦ አየር የሚልክልኝ ሰው ነበረ!”

ኤዱቪና ሣቀች፤ አባቷ መቀለድ ካቆሙ ሰንብተው ነበርና።

ውኃው ሲበስል ጥቂት ጥቋቁር ቀንድ አውጣዎች ገቡ። ቀጥሎ ሲነኳት የምትኮማተር ቀይ የባሕር አበባ፣ ከዚያም የሞተ ቀንድ አውጣ ቀፎ ለብሶ የሚዞር ሸርጣን ገባ። በመጨረሻ የመጣችው ዓይነ ፈጣጣ ዓሣ ነበረች፤ ሾርባዋን የጠጣን ሰው እንቅልፍ ይጥለዋል ስለሚባል መንደርተኛው “ሰካራሟ” ይላታል። ዶን ባውዲሊዮ ግን ትክ ብለው አይተዋት፣ “ይህች ስብሰባ ትመራለች፤ ኦቲሊያ ነች” አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበራቸውን ከገንዳው ፊት አያነሡም፤ ሾርባቸውንም እዚያው ሆነው እስከ ጭላጩ ይጠጣሉ።

ኖልቤርቶ የዶን ባውዲሊዮ ወንድም ልጅ ነበር። በዚያ ዓመት በቅዱስ ጴጥሮስ በዓል የቅዱሱን ሐውልት ተሸክማ ጀልባዎቹን የምትመራው ጀልባ የእሱ ነበረች፤ ተራው ስለ ደረሰው ደረቱን ነፍቶ ይሄድ ነበር። በዓሉ ሲቃረብ መጥቶ ገንዳውን አየ።

“ምኑ ነው የሚታየው እቴ? አንዲት ዓሣና ከቀንድ አውጣ ጋር የተጣላ ሸርጣን!”

“ለእኔ በቂ ነው” አሉ ዶን ባውዲሊዮ።

“ለእርስዎማ ይበቃል አጎቴ። ለእንግዶቼስ?”

“የምን እንግዶች?” አለች ኤዱቪና።

“ከወደብ ከተማው የሚመጡ ትልልቅ ሰዎች። የኖልቤርቶን ባሕር አሳያችኋለሁ ብያቸዋለሁ።”

“የማንን ባሕር?”

“የቤተሰባችንን ማለቴ ነው። ምነው ዓይንሽ ፈጠጠ? ኦቲሊያን መሰልሽ እኮ!”

“በዚህ ገንዳ ውስጥ አንዲት ጠጠር እንዳትጨምር” አለችው ኤዱቪና። እሱም እሺ ብሎ እየሣቀ ወጣ።

ከበዓሉ በፊት በነበረው እሑድ ጎረቤቶች ዶን ባውዲሊዮን ከነወንበራቸው ተሸክመው ለጸሎት ወሰዷቸው፤ ኤዱቪናም ተከተለች። ኖልቤርቶ ይህን ጠብቆ ወደ ዓለቶቹ ወረደ። ድንጋዮቹን በብረት እየፈነቀለ፣ ወደ ቦታቸውም ሳይመልስ፣ የባሕር ጃርቱን፣ ኮከብ ዓሣውንና ሸርጣኑን በሣጥን ሞልቶ፣ አንድ ኦክቶፐስም ጨምሮ ወጣ። ሁሉንም ገንዳው ውስጥ ደፍቶ በጠረጴዛ ልብስ ሸፈነው።

ቀትር ላይ ኤዱቪና፣ አባቷና ዶና ኦቲሊያ ሲመለሱ ቤቱ በእንግዶች ተሞልቷል። ኖልቤርቶ የበዓል ልብሱን ለብሶ በገንዳው አጠገብ ቆሟል።

“ክቡራንና ክቡራት!” አለና ጨርቁን ሳበ።

ውኃው ወተት ሆኗል። የታጨቁት የባሕር ጃርቶች ተጨንቀው ዘራቸውን ረጭተውበታል፤ ከወተቱ ውስጥ እሾህና የተቆረጠ የሸርጣን እግር ብቻ ይታያል። ሽታውም ተከተለ።

“ይኼ… አይብ ነው?” አለ አንዱ እንግዳ።

“ጥቂት ይጠብቁ፤ ኦክቶፐስ አለው!” አለ ኖልቤርቶ።

“የት?”

“ቦርሳዬን ልቀቅ!” ብላ አንዲት ሴት ጮኸች። ኦክቶፐሱ ከገንዳው ወጥቶ ወለል ላይ ያኖረችውን ቦርሳ አቅፎ ነበር። እንግዶቹ እየተጋፉና እየሣቁ ወደ ደጅ ፈሰሱ፤ ሴትዮዋም ቦርሳዋን ከአዲሱ ባለቤቱ ለማስለቀቅ ስትታገል ቆየች።

ዶን ባውዲሊዮ ግን አልሣቁም። መስታወቱን በመዳፋቸው ዳሰሱ። “ኦቲሊያስ?” አሉ በቀጭን ድምፅ። “ኦቲሊያ ሞታ ይሆን?”

“እኔ እዚህ ነኝ” አሉ ዶና ኦቲሊያ።

“አንቺን አይደለም፤ ዓሣዋን ነው።”

“ዓሣዋን?” ሊቀ መንበሯ ወገባቸውን ያዙ። “እሺ፣ ይህን በኋላ እንነጋገርበታለን። ባልዲ አምጡ!”

ኤዱቪና እጅጌዋን ሰብስባ እጇን እስከ ክርኗ ገንዳው ውስጥ ከተተች። ጎረቤቱ ንጹሕ የባሕር ውኃ እየተቀባበለ አመጣ፤ በሕይወት የተገኘው ሁሉ በየባልዲው ተለየ። የባሕር አበባዋ ተጨማዳ ተገኘች፤ ሸርጣኑ ግን ተበልቶ ቀፎው ብቻ ቀርቷል። ኤዱቪና ድንጋዮቹን አንድ በአንድ እያነሣች አጠበች። ቀዳዳ ያለውን ድንጋይ ስታዘነብለው ሁለት ፈጣጣ ዓይኖች ተመለከቷት።

“አለች አባዬ! አለች!”

ዶን ባውዲሊዮ አንገታቸውን ወደ ቀዳዳው አስግገው፣ “ስብሰባውን አቋርጣ የወጣች ብልህ” አሉ፤ ዕንባቸው እየወረደ ሣቁ።

አመሻሹ ላይ ባሕሩ ዳግም ሲሸሽ ሰዎቹ የተረፉትን እንስሳት ሊመልሱ ወረዱ። የተገለበጡት ድንጋዮች ሆዳቸውን ወደ ሰማይ ሰጥተው ተንጋለዋል፤ የባሕር ወፎች የቀረውን ይለቅማሉ። ሁሉም ዞሮ ኖልቤርቶን አየው።

“ለአጎቴ ብዬ ነው” አለ።

“ለአጎትህ ብለህ ቢሆን ኖሮ፣ አጎትህን ትጠይቅ ነበር” አለችው ኤዱቪና።



ማኅበሩ በማግሥቱ ተሰብስቦ ፈረደ። ኖልቤርቶ የገለበጣቸውን ድንጋዮች ሁሉ በመንደሩ ፊት በእጁ በሆዳቸው ደፍቶ መለሰ። ቅዱስ ጴጥሮስን የመሸከም ተራው ተወስዶ ለሌላ ተሰጠ፤ የእሱ ጀልባም በበዓሉ ቀን ከሁሉም ኋላ፣ ባዶዋን ሄደች። እስከሚቀጥለው በዓል ድረስም በየቅዳሜው ለዶን ባውዲሊዮ ገንዳ የባሕር ውኃ በትከሻው ተሸክሞ ገደሉን እንዲወጣ ተፈረደበት፤ ወጣም።