ከአጥር ማዶ የተመረመረ ሞተር

ኅዳር ፫ ቀን ፲፱፻፺፰ ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ጧት፣ ዕድሜዬ ስድሳ አንድ ዓመት ሳለ፣ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ የሆነችውን መኪና እየነዳሁ ወደ ግቢዬ ገባሁ። «እየነዳሁ» ማለቴ ለክብሬ ያህል ነው። መኪናዋ በሩ ላይ ስትደርስ ተንቀጥቅጣ ስለ ጠፋች፣ የቀረውን መንገድ ያስገባናት እኔና ሁለት መንገደኞች ገፍተን ነው።

መኪናዋ አረንጓዴ ናት፤ አሮጌም ናት። የሸጠልኝ ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም ሲሆን፣ «ሞተሯ እንደ ሰዓት ነው» ብሎ አረጋግጦልኝ ነበር። ቃሉን አላጠፈም። እንደ ቆየ የግድግዳ ሰዓት፣ ሲላት ትሄዳለች፣ ሲላት ትቆማለች። ነዳጅ ሲሰጧት ትሮጣለች። እግርን ከነዳጁ አንሥተው መታጠፊያ ላይ ሊያቆሟት ሲሉ ግን በመጀመሪያ እንደ እባብ ታፏጫለች፤ ቀጥሎ ወባ እንደ ያዘው ሰው ትንቀጠቀጣለች፤ ከዚያ በኋላ ጸጥ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ከሌላው ሕመም ጋር ሲተያይ ቀላል ነበር። ከግቢያችን አጥር ማዶ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ይኖራል። ሙያው መካኒክ ነው። ሞተር ሳይከፍት በድምፁ ብቻ በሽታውን ስለሚናገር ሰፈሩ «ባለ ጆሮው» ብሎ ይጠራዋል፤ እርሱም ስሙን ይወደዋል። እኔን እኅቱን ካገባሁ ጀምሮ «ጋሼ» ሲለኝ የኖረ፣ በየእሑዱ ከደጃፌ ተቀምጦ በዳማ የሚረታኝ፣ ረትቶም የሚስቅብኝ፣ ከእኅቱ ቀጥሎ በዚህ ዓለም የቀረበኝ ሰው ነው። ከዘመዶቻችን መካከል መኪና የሚገዛ ሁሉ አስቀድሞ እርሱን ይዞ ይሄዳል። እርሱም አንገቱን ወደ ሞተሩ ዘንበል አድርጎ «ይገዛ» ወይም «ይቅርባችሁ» ይላል። እኔ በዚያ ዓመት ስለ ሞተር የሚያትት አንድ ወፍራም መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አንብቤ ስለ ነበር፣ ለአንድ ጊዜ እንኳ በራሴ ዓይን ልምረጥ ብዬ ብቻዬን ሄጄ ገዛሁ። እርሱ ይህንን እንደ ንቀት ቆጠረውና አኮረፈ።

ኩርፊያው እንደ ሥራው ጥንቅቅ ያለ ነበር። ሰላምታ ቀረ። ዳማው ቀረ፤ ጠጠሮቹም በጣሳቸው ውስጥ እንደ ተከደኑ ከረሙ። እኔ እሑድ እሑድ ከደጃፌ ብቻዬን ተቀምጬ፣ የሚረታኝ ሰው እንዴት እንደሚናፍቅ ተማርሁ።

ሆኖም ጆሮው አላስችል አለው። ጧት ሞተሩን ሳስነሣ ከአጥሩ ማዶ ይሰማ የነበረው የጥርስ ቡሩሽ ድምፅ ቀጥ ይላል። ጥቂት ይቆይና፦

«እትዬ!»

«አቤት!» ትላለች ባለቤቴ፣ ልብስ እያሰጣች።

«ለባልሽ ንገሪው! ያ ነገር ሞተር አይደለም፤ ሳል የያዘው ሽማግሌ ነው።»

እኔ ከእርስዋ ሁለት እርምጃ ርቄ ቆሜያለሁ። እርስዋ ግን ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ሳል ነው ይልሃል» ትለኛለች።

«ካንዴላዎቹን በሙሉ ቀይሬያቸዋለሁ በይው።»

«ካንዴላ ቀይሬያለሁ ይላል።»

«ሰምቻለሁ! ካንዴላ አይደለም በይው! የማይገባ አየር እየሳበ ነው። የሆነ ቦታ ቀዳዳ አለ። ደግሞ ከዚህ በፊት ይችን መኪና የነካ ሰው፣ እሱ መካኒክ ሳይሆን ሥጋ ቆራጭ ነው በይው!»

«እኔ ምናችሁ ነኝ? የስልክ ሽቦ ነኝ?»

ቀዳዳውን ለማግኘት መጽሐፌን ይዤ ከኮፈኑ ሥር ብዙ ጧት አጎነበስሁ። መጽሐፉ «የአየር መሳቢያ ቧንቧዎችን መርምር» ይላል፤ ቧንቧዎቹን የሚያሳየው ሥዕል ግን የሌላ መኪና ነበር። ፉጨቱን እሰማለሁ፤ ከየት እንደሚመጣ ግን መለየት አልቻልሁም። ጆሮ እንደ ፊደል በመጽሐፍ አይቆጠርም።

አንድ ቀን ባለቤቴ እጇ ላይ የነበረውን እርጥብ ሸሚዝ ወደ ባልዲው ወረወረችው።

«በቃኝ! ከዛሬ ጀምሮ የማንንም ቃል አላደርስም። መነጋገር ካማራችሁ አፍ አላችሁ። ካላማራችሁ ደግሞ ዶሮዎቼን እዚያች መኪና ውስጥ አሰፍራለሁ!»

ይህን ብላ በአጥሩ መካከል ያለችውን ትንሽ በር ወለል አድርጋ ከፈተችና የቤታችን ደረጃ ላይ ተቀመጠች።

ባለ ጆሮው አጭር የጎማ ቱቦ ይዞ ገባ። እኔን አላየኝም። «የመጣሁት ለእኅቴ ብዬ ነው» አለ፤ የነገረው ለመኪናዋ ነው። ከዚያም ኮፈኑን ከፈተ። እኔ መሪው ዘንድ ተቀመጥሁና ሞተሩን አስነሣሁ። የተነሣው ኮፈን በመካከላችን ቆመ፤ ሌላ አጥር ሆነ ማለት ነው።

ምርመራው ግን ለሁለት ሰው የተሠራ ነው። አንዱ ነዳጅ ይሰጣል፣ ሌላው የቱቦውን አንድ ጫፍ ጆሮው ላይ አድርጎ በሌላው ጫፍ ሞተሩን ያዳምጣል። መቼ እንደሚሰጥና መቼ እንደሚለቀቅ ደግሞ አዳማጩ መናገር አለበት። ባለ ጆሮው ጉሮሮውን ጠረገ። እኅቱን ቢያያት፣ መዳፏን አፏ ላይ ጭናለች።

«ነዳጅ ይሰጥ!» አለ በመጨረሻ፣ ለማንም ሳይሆን።

ሰጠሁ።

«ይለቀቅ!»

ለቀቅሁ። መኪናዋ አፏጨች፣ ተንቀጠቀጠች።

«ይሰጥ! አሁንም ይሰጥ! ኧረ ቀስ በል፣ ልታፈነዳው ነው እንዴ?»

ከደረጃው ላይ ትንሽ ሳቅ አመለጠ። እኔም በልቤ «ቀስ በል» የሚለውን ቃል እንደ ስጦታ ተቀበልሁ።

ወዲያው ፉጨቱ ቆመ። መንቀጥቀጡ ቆመ። ሞተሩ በሰዓት አምሳል፣ ልክ የጥርስ ሐኪሙ እንደ ነገረኝ ሆኖ መምታት ጀመረ። ወርጄ ሄድሁ። ባለ ጆሮው አንድ ወፍራም የጎማ ቧንቧ በመዳፉ ጨብጦ ቆሟል፤ ፊቱ ግን ያገኘ ሰው ፊት አልነበረም።

«ተገኘ?» አልሁ።

«ምንም የለም። ውሃ አምጣ።»

«ለሞተሩ?»

«ለእኔ። ጠማኝ።»

«እኔ ላምጣልህ» አለች እኅቱ።

«አይ! እሱ ያምጣ! አንቺም አብረሽው ሂጂ!»

ማናችንም አልሄድንም። ሞተሩ ይግላል፤ ባለ ጆሮው ያልበዋል። አንዴ በቀኝ እግሩ፣ አንዴ በግራ እግሩ ይቆማል። በመጨረሻ «ኧረ እሳት!» ብሎ እጁን አነሣና እፍ እፍ ይለው ጀመር።

ያን ጊዜ አየሁት። ቧንቧው ከዱሮ ተሰንጥቆ፣ ስንጥቁ ከብስክሌት የውስጥ ላስቲክ በተቆረጠ ጠፍር ተጠቅልሏል። ጠፍሩ ሁለት ጊዜ ተቋጥሮ፣ ጫፉ ወደ ቀኝ እንደ ጥንቸል ጆሮ ብቅ ብሏል። ላስቲኩ ከእርጅና የተነሣ ደርቆ ተላቅቋል። ቋጠሮው ግን ያው ነው። የግቢያችንን የውሃ ጎማ የያዘው እርሱ ነው። የአጥራችንን በር የያዘው እርሱ ነው። በዚህ ሰፈር እንዲህ አድርጎ የሚቋጥር አንድ ሰው ብቻ ነው። በኮፈኑ ውስጥ አረንጓዴው ቀለም የተላጠበት ቦታ ላይም ነጭ ቀለም ይታያል።

«ሥጋ ቆራጭ» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ተቀመጠ። ከማር ይጥም ነበር። ነገር ግን የጠጠሮቹ ጣሳ ትዝ አለኝ። ያንን ቃል ብተፋው፣ ጣሳው እስከ ዕለተ ሞቴ ላይከፈት ይችላል። ዋጥሁትና፦

«ያሰረው ሰው እጀ ጠንካራ ነው» አልሁ።

ባለ ጆሮው ቀና ብሎ አየኝ። ነገሩ በዚሁ ያልፍ ነበር። ዳሩ ግን ባለቤቴ መጥታ በትከሻችን መካከል አንገቷን አስገባች።

«ውይ! ይኼ የመጥረጊያዬ ቋጠሮ አይደለም እንዴ?»

ሞተሩ ይህን የሰማ ይመስል ተንቀጥቅጦ ጠፋ። በጸጥታው ውስጥ መጀመሪያ የሳቀችው እርስዋ ናት፤ ቀጥሎ እኔ አልቻልሁም። ባለ ጆሮው የተቃጠለ እጁን እያራገበ መጮህ ጀመረ፦

«ያኔ ነጭ ነበረች! ባለቤቷን መንገድ ላይ፣ በዝናብ ቆማበት አገኘሁት! ቤትህ ድረስ ብቻ ታድርስህ፣ ነገ ቧንቧ ግዛ ብዬዋለሁ! እስካሁን በዚሁ ሲነዳት ኖሯል! ስድስት ዓመት ያዘች! ጋሼ ይሙት፣ ስድስት ዓመት የያዘ ላስቲክ የት ታውቃለህ?»

በሞቴ ሲማል ያን ቀን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሰው የሚምለው በሚወደው ነውና።

አዲስ ቧንቧ በዚያው ቀን አስገባ፤ በሚቀጥለው እሑድም ጣሳው ተከፈተ። ተረታሁ፤ ሳቀብኝ። ነገሩን ለማንም እንዳልናገር ለምኖኝ ነበር፤ አሁን የጻፍሁት እርሱ ራሱ ለሰፈሩ ሁሉ «ስድስት ዓመት የያዘ ቋጠሮ» እያለ መፎከር ከጀመረ በኋላ ነው።

ዘመኑ ርቋል። ካንዴላዎቹን የቀየርሁት ከኩርፊያው በፊት ይሁን በኋላ፣ ባለቤቴ የወረወረችውም ሸሚዝ ይሁን አንሶላ እርግጠኛ አይደለሁም። ከአንባቢዎች በዚያ ወራት በአጥራችን ሥር ያለፈ ካለ፣ የሳትሁትን እንዲያርምልኝ በአክብሮት እለምናለሁ። ባለ ጆሮው ግን ላስቲኩ የያዘው ሰባት ዓመት ነው ማለት ጀምሯል፤ የእርሱን እርማት አልቀበልም።