የአለቃ ሐብተ ማርያም ዘር

ከኮላ ድባ ወደ ጎንደር ስንሄድ፣ ሚኒባሱ ውስጥ አያ ሰውአገኝን አንድ ነገር ብቻ ለመንሁት። «ዛሬ አለቃውን እንዳታነሣ» አልሁት።

«ምነው ዳኛው? ዘሬን ልደብቅ?» አለኝ።

የእህቱ ልጅ ክንዱ፣ ጤና ጣቢያችን የምትሠራዋን ፀደይን ሊያገባ ለሽምግልና ልኮን ነው። የፀደይ አባት የቁስቋሙ መሪጌታ ገብረ ሚካኤል ናቸው፤ ቤታቸው ከጥንት የካህን ቤት ነው። አያ ሰውአገኝ ደግሞ «ገበሬ» ተብሎ እንዳይናቅ ፈርቷል። ሲፈራ ይኮፈሳል፣ ሲኮፈስ አለቃ ሐብተ ማርያምን ያነሣል። እኛ ሰፈር ይህን ወሬ ያልሰማ በሬ እንኳ የለም።

መሪጌታ በክብር ተቀበሉን። እንደ ደንቡ ቆመን ጉዳያችንን ተናገርን። እሳቸውም እንደ ደንቡ «ልጁ የማን ዘር ነው?» አሉ። በሰባት ቤት ውስጥ የተዛመዱ አይጋቡምና፣ ሳይቆጠር ልጅ አይሰጥም።

አያ ሰውአገኝ ጋቢውን አስተካከለ። «የአለቃ ሐብተ ማርያም ዘር ነን» አለ። «እዚሁ ቁስቋም የነበሩት፤ ቅድመ አያቴ ናቸው።»

የመሪጌታ ፊት በራ። «አለቃነት ዛሬ ረክሷል» አሉ። «የጋራዡም አለቃ፣ የግንበኛውም አለቃ። ያኔ ግን የደብር አለቃ የሚያዝዘው ካህናቱን ብቻ አልነበረም። የደብሩ መሬት እናንተ ዘንድ ደምብያ ድረስ ነበረ፤ ገበሬውን የሚገዛ፣ ግብሩን የሚያስገባ፣ የተጣላውን የሚዳኝ እሱ ነው። በአንድ እጁ መስቀል፣ በአንድ እጁ ሹመት። እሰየው፤ አለቃ ሐብተ ማርያም የእኔም ቅድመ አያት ናቸው።»

አያ ሰውአገኝ በደስታ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ። እኔ ግን ጣቴን ማጠፍ ጀምሬአለሁ። መሪጌታም ጀመሩ።

«ለፀደይ አራተኛ ቤት» አሉ ቀስ ብለው። «ለክንዱስ?»

«አራ…» አለና አያ ሰውአገኝ ቃሉ አፉ ላይ ቀረ።

«እንግዲህ ወንድምና እህት ናቸው። ጋብቻው አይሆንም» አሉ መሪጌታ። በእውነት አዝነዋል። ባለቤታቸው እመት ይመኙሽ ከጓዳ ብቅ ብለው መጋረጃውን እንደያዙ ቀሩ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ ክንዱ ነው። ምን ልበለው? አጎትህ ሊያጋባህ መጥቶ አዘመደህ ልበለው?

እውነቱን እኔም አውቃለሁ፣ አያ ሰውአገኝም ያውቃል። ግን ዕድሜውን ሙሉ የለበሰውን ክብር እኔ ላወልቅበት አልፈለግሁም። 

«መሪጌታ» አለ አያ ሰውአገኝ በመጨረሻ፤ «አለቃው ዘሬ አይደሉም። ቅድመ አያቴ የሳቸው በቅሎ ጫኝ ነበር። የደምብያን እህል ወደ ደብሩ የሚያመጣው እሱ ነው። የጌታውን ስም ስንጠራ ኖረን፣ ዘሩ መሰልን።»  አዘንሁለት፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ኮራሁበት።

መሪጌታም «ስሙ ማን ነበር?» አሉ።

«የማን?»

«የበቅሎ ጫኙ።»

አያ ሰውአገኝ ያን ስም ሰው ፊት ጠርቶት አያውቅም። «ወንዴ» አለ።

«ወንዴ ያመጣውን አያቶቼ በልተዋል» አሉ መሪጌታ። «አለቃው አዘዙ፤ ያደረሰው ግን ወንዴ ነው። የባለውለታችን ዘር ከደጃችን አፍሮ አይመለስም። በሉ ተቀመጡ።»

እመት ይመኙሽ መጋረጃውን ለቀው እልል አሉ። እኔም ስልኩን አነሣሁና «ክንዱ፣ እንኳን ደስ ያለህ፤ ዘመድ አይደላችሁም» አልሁት። ልጁ ምኑም አልገባውም።

ስንመለስ አያ ሰውአገኝ እስከ አዘዞ ድረስ አለቃውን አንዴም አላነሣም።  እንግዲህ በምን ይኮራል እያልሁ ሳስብ፣ አጠገቡ ወደተቀመጠው መንገደኛ ዘወር አለ።

«ወንዴን ታውቀዋለህ? ቅድመ አያቴ ነው። እንደሱ በቅሎ የሚጭን በደምብያ ምድር አልተፈጠረም።»

ኮላ ድባ እስክንገባ አልጨረሰም። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ አላቋረጥሁትም።