የጋሽ አረጋዊ መልቲሜትር

መርሳ ላይ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት ያላት ሴት እኔ ብቻ ነኝ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ጦርነቱ ሱቄን ባዶ አድርጎት ሲያልፍ ከሌላው ጠጋኝ ይልቅ ለእኔ ሐሜት ተርፎኛል፤ «ድሮስ ሴት ልጅና ሽቦ ምን አገናኛቸው!» ያሉ ነበሩ። ዘራፊዎቹ የሥራ ጠረጴዛዬን ትተውልኛል፤ ለሸክም ከብዳቸው ይመስለኛል። መበየጃዬን፣ ጉጠቶቼንና ኤሌክትሪክ የምለካበትን መልቲሜትሬን ግን ጠራርገው ወስደዋል። ማን ወሰደው አትበሉኝ፤ ያላየሁትን አልናገርም።

መብራት ሲመለስ ሥራው ጎረፈ። ወራት ጠፍቶ ከርሞ ሲመጣ አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ እያለ የሰውን ቴሌቪዥን ሁሉ አቃጠለው። መበየጃና ጉጠት ተዋስኩ። መልቲሜትሩን የሚያውስ ጠጋኝ ግን የለም፤ እኔም ብሆን አላውስም። ያለሱ መሥራት ደግሞ ዓይንን ጨፍኖ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ነው፤ ኤሌክትሪክ ከመርፌ የባሰ ይወጋል። ስለዚህ መጋቢት ውስጥ አንድ ቀን ጠዋት በሚኒባስ ወልድያ ሄድኩ።

ፈንታው የሚባለው የዕቃ ነጋዴ አንድ ቢጫና አንድ ቀይ መልቲሜትር አውጥቶ ከፊቴ ደረደረ።

«ቀይዋን ውሰጃት፣ ዙልፋ። መብራት አላት፣ ጨለማ ውስጥ ታበራለች። ካሜራ ብቻ ነው የቀራት።»

«ፎቶ ልነሳ አልመጣሁም» አልኩት።

መልቲሜትር ሲገዛ መጀመሪያ የሚፈተነው ራሱ መልቲሜትሩ ነው። የየራሳቸውን ቀይና ጥቁር ገመድ ጫፍ ለጫፍ አገናኘሁ። ወዲያው መጮህ ሲገባው ቢጫው አስቦበት ጮኸ። ቀጥዬ አዲስ ባትሪ አስከፍቼ በሁለቱም ለካሁ፤ ለአንድ ባትሪ ሁለት የተለያየ ቁጥር አወጡ።

«የቱ ነው ልክ?»

«የወደድሽው ነዋ!» አለ ፈንታው እየሳቀ። ባትሪውን ግን አስከፈለኝ።

ልወጣ ስል ከኋላዬ ጠራኝ። «ደህና መለኪያ ከፈለግሽ የአረጋዊ ሚስት የሱን እየሸጠች ነው። ለእኔ አምጥታልኝ ነበር፤ አሮጌ አልገዛም ብዬ መለስኳት።»

ደነገጥኩ፤ ቆይቼም ተናደድኩ። ጋሽ አረጋዊ እጄን ይዘው ሙያውን ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ትውልዳቸው ከትግራይ ነው፤ ወልድያ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሬዲዮ የጠገኑባት ከተማ ናት። ኅዳር ላይ እናታቸው ታመሙ ተብለው አላማጣ ሄዱ። ታኅሣሥ ላይ ግንባሩ ሲዞር አላማጣ ከወዲያ ወገን ቀረች፣ መንገዱም ከኋላቸው ተዘጋ። ስልክም የለም። ሰው መንገድ ተዘግቶበት ሳለ ሚስቱ መሣሪያውን ገበያ ታወጣለች? እኔስ ብገዛው፣ አይመለሱም ብዬ መፍረዴ አይደለም? ግን ያን መልቲሜትር አውቀዋለሁ፤ አንድ ቀን ዋሽቶ አያውቅም። እየተናደድኩም ቢሆን ወደ ቤታቸው ሄድኩ።

እትዬ አዳነች ከስተዋል። አቅፈው ስመውኝ፣ ስለ እናቴ ጠይቀውኝ፣ የመጣሁበትን ስነግራቸው ወደ ጓዳ ገቡና በላስቲክ የተጠቀለለውን መልቲሜትር ይዘው ወጡ። ከዝርፊያ ያተረፉት በርበሬ ጆንያ ውስጥ ቀብረው ነው። የባትሪ ቤቱን ክዳን ስከፍት በርበሬው አፍንጫዬ ገብቶ አስነጠሰኝ።

«ይማርሽ» አሉ።

«አልሐምዱሊላህ» አልኩ ዓይኔን እየጠረግሁ።

ገመዶቹን ሳገናኛቸው ያኔውኑ ጮኸ። የፈንታውን ባትሪ ለካሁ፤ ቁጥሩ መጣ፣ ቆመ፣ አልተወላወለም። እጄ ላይ ሲያርፍ የራሴ ዕቃ የተመለሰልኝ ያህል ደስ አለኝ። ደስታዬም አሳፈረኝ።

«እትዬ አዳነች፣ አልገዛዎትም» አልኩ። «በአማና ይስጡኝ። እሠራበታለሁ፣ ካገኘሁት ለርስዎም በየሳምንቱ አመጣለሁ። ጋሽ አረጋዊ የመጡ ቀን በእጃቸው አስረክባቸዋለሁ።»

እኛ ዘንድ አማና፣ አደራው፣ ቀላል ነገር አይደለም፤ የሰው አማና የበላ በአኺራም፣ በወዲያኛው ዓለም፣ ይጠየቅበታል። ከዚህ የበለጠ ክብር ምን ልሰጣቸው እችላለሁ? ምርቃት ነበር የጠበቅሁት።

«በአማና አልሰጥም» አሉ። «ግዢኝ።»

«ሲመጡስ ምን ልበላቸው? ዕቃዎን ከሚስትዎ ላይ ገዛሁት ልበል?»

«ግዢኝ ብዬሻለሁ፣ ዙልፋ።»

«እርስዎ ተስፋ ቢቆርጡ እኔ አልቆርጥም!» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

ተነሥተው በሩን ዘጉት። ተመልሰው አጠገቤ ተቀመጡና በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገሩ።

«አማና ለሚመለስ ሰው ነው፣ ልጄ። በጥር አርፏል። ስኳሩ ነው፣ መድኃኒት አልነበረም። ከአላማጣ ግንባሩን በእግሯ አቋርጣ የመጣች ሴት ናት የነገረችኝ።»

ይህ ቤት ለቅሶ ቤት አይመስልም ነበር። ድንኳን አልተተከለበትም፤ እትዬ አዳነችም ጥቁር አልለበሱም።

«ለማንም አልተናገርኩም» አሉ። «ብናገር እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ሰው ይመጣል። የመጣው ሁሉ ደግሞ ‹የት ሞተ?› ይላል። አላማጣ ልበል? በዚህ ጊዜ? ‹ምን ሊሠራ ሄደ› ይሉኛል። እናቱን ሊጠይቅ ብል ማን ያምነኛል? ወደ ደሴ፣ እህቴ ጋ ልሄድ ነው። እዚያ አለቅሳለሁ።»

ያሉትን ዋጋ ሳልከራከር ከፈልኩ። መልቲሜትሩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚደረግ አላውቅም ነበርና፣ ከልጅነቴ ጀምሮ በክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ለቅሶ ላይ የምለውን አልኩ።

«እግዜር ያጽናዎት፣ እትዬ አዳነች።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ይችን ቃል ሳልሰማ ሁለት ወር ከረምኩ» አሉ። ከዚያ ፊታቸው ተለዋወጠ። ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ፤ ግን ለቅሶው በነጠላ የሚታፈን ዓይነት አልነበረም። ከጎረቤት የሚለየን አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ከወዲያ ማዶ የሰሃን ድምፅ ሳይቀር ይሰማል።

መደርደሪያው ላይ ሬዲዮ ነበረ። ከፈትኩት። አንድ ሰውዬ ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀም እያስረዳ ነው። ድምፁን እስከ መጨረሻው ድረስ አዞርኩት። ማዳበሪያው ቤቱን ሞላው፤ እትዬ አዳነችም ነጠላውን ከአፋቸው አውጥተው «አረጋዊዬ! አረጋዊዬ!» እያሉ ደረታቸውን መቱ።

ግድግዳው ተንኳኳ። «ኧረ ሬዲዮውን ቀንሱልን፣ ጆሯችን ጠፋ!» አለች ጎረቤቷ።

«እየጠገንኩት ነው፣ ይቅርታ!» ብዬ ጮህኩና ሬዲዮውን አንስቼ ከግድግዳው ጋር አስጠጋሁት።