ከድልድዩ ማዶ የተደፋ አተላ

ሹ ፔይዘን እጇን የባህል ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ባለችው ትንሽ ትራስ አሳርፋ ምላሷን አወጣች። ሽማግሌው ሐኪም ጓን ምላሷን ካዩ በኋላ ሦስት ጣታቸውን ደም ሥሯ ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዝምታቸው ሲረዝምባት «አለቀልኝ» አለች በልቧ። «ልጄን ሩዎሺን ሳላያት ልሞት ነው።»

«ስንት ኪሎ ጨመርሽ?»

«በሁለት ዓመት አሥራ አንድ።»

«ማታ ማታስ ምን ትበያለሽ?»

ፔይዘን አቀረቀረች። «የሁለት ሰው ነው የምሠራው። ልጄ ደቡብ፣ ሸንዘን ከተማ ፋብሪካ ውስጥ ናት፤ ድንገት ብትመጣ ብዬ ነው። ስትቀር ደግሞ ምግብ አይደፋ...»

«የእሷንም አንቺ ትበይዋለሽ።» ሐኪሙ ብዕራቸውን አነሱ። «ጭንቀት ጉበትሽን ቋጥሮታል። ጉበት ሲቋጠር ጣፊያን ይጫናል፤ ጣፊያ ሲደክም እርጥበት ሰውነት ላይ ይተኛል። የተሸከምሽው ናፍቆትሽን ነው ልጄ። ይህን ሥራሥርና የመንደሪን ልጣጭ እያፈላሽ ጠጪ። አተላውን መንገድ ላይ መድፋት እንዳትረሺ።»

ይህን ማን ይረሳል? አላፊ አግዳሚው አተላውን ሲረግጠው በሽታውን ይዞላት ይሄዳል።

በማግስቱ ጠዋት ሥራሥሩንና የመንደሪን ልጣጩን በሸክላ ድስት አፍልታ ጠጣች፤ አተላውንም በሯ ላይ ደፋችው። ወዲያው ክው አለች። ሩዎሺ ከአውቶቡስ ስትወርድ የምትመጣው በዚሁ መንገድ ነው! በርከክ ብላ በእጇ ታፍሰው ጀመር።

ጎረቤቷ ማንዩን በመስኮት አይታት ሳቀች። «እትዬ፣ ምነው? ደግመሽ ልትጠጪው ነው?»

«ሩዎሺ ብትረግጠውስ?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ያልረገጠችውን መንገድ ዛሬ ልትረግጠው?» አለች ማንዩን፤ ከአፏ ከወጣ በኋላ ግን ከንፈሯን ነከሰች።

ፔይዘን አተላውን አፍሳ ጨረሰች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ አተላውን በባልዲ ይዛ ድልድዩን ትሻገራለች፤ ወደ ጡብ ፋብሪካው በሚወስደው መንገድ ላይ «የምትረግጡት ሰዎች፣ ይቅር በሉኝ» ብላ ትደፋዋለች። ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ስትመለስ ድልድዩ ላይ ትቆማለች፤ ከደቡብ የሚመጣው አውቶቡስ ከታች ሲቆም ከዚያ በደንብ ይታያል። ማን እንደወረደ አይታ ባዶ ባልዲዋን ይዛ ትገባለች። ማታ ግን ያው የሁለት ሰው ትሠራለች።

በሁለተኛው ወር መጨረሻ ሐኪም ጓን ሚዛኑን አይተው ተደሰቱ። «ስምንት ኪሎ ቀንሰሻል! የእኔን ሥራሥር አየሽው? አተላውን የት ነበር የምትደፊው?»

«ከድልድዩ ማዶ።»

«ከቤትሽ እስከዚያ ድረስ? በእግርሽ?»

«ልጄ በሰፈራችን መንገድ ነው የምትመጣው።»

ሐኪሙ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «በይ፣ ያሻለሽ መንገዱ ነው፤ ከእንግዲህ መድኃኒት አያስፈልግሽም» አሉ።

የፔይዘን ፊት ተለዋወጠ። አተላ ከሌለ ባልዲም የለም፤ ባልዲ ከሌለ በየጠዋቱ ድልድዩ ላይ ምን ትሠራለች? ሰውስ ምን ይላታል?

«ሐኪም፣ ይጨምሩልኝ እባክዎ። ትንሽ ቀን ብቻ።»

ሐኪሙ የመንደሪን ልጣጭ ብቻ በወረቀት ጠቅልለው ሰጧት።

በማግስቱም ባዶ ባልዲዋን ይዛ ድልድዩ ላይ ቆመች። አውቶቡሱ ቆመ። አራት ሰው ወረደ። በሩ እስኪዘጋ ድረስ አምስተኛዋን ጠበቀች።