የሹፌሩ ሆላንዶች

ሙሽሪት ይሏታል፤ ካገባች አራት ዓመቷ ነው። እንዲህ የሚቆይ ሙሽርነት እኔም ሰምቼ አላውቅም። ጠዋት ወጥታ ጥፍር ቤቷን ትከፍታለች፣ ቀኑን ሙሉ የሰው እጅ ይዛ በቀጭን ብሩሽ ጥፍር ላይ አበባና ቢራቢሮ ስትስል ትውላለች። ማታ ስትገባ የባሏ አባት ከወንበራቸው ብድግ ብለው «ሙሽሪት መጣች፣ ቦታ ልቀቁላት» ይላሉ። ሳህን ልታነሳ ስትል ደግሞ «ኧረ ተይ፣ ሙሽሪትን ውሃ እንዳታስነኳት»። አክብሮት ነው፣ ማን ይጠላል? እሷ ግን ጠልታዋለች። ሌላው የቤቱ ሰው ሲላክ፣ ሲሰደብ፣ ሲታረቅ እያየች፣ እሷን ብቻ እንደ ብርጭቆ ዕቃ ሲጠነቀቁላት አንጀቷ ቅጥል ይላል።

የባሏ አባት ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ ሹፌሩ ነው የሚላቸው። ዕድሜያቸውን በአንዲት የሆላንድ መኪና ጨርሰው አንድም ቀን መንገድ ላይ አላስቀረቻቸውም፤ እንግዲህ ለእሳቸው ሆላንድ ማለት ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ማለት ነው። ቤት መዋል ሲከብዳቸው ወዳጃቸው ፋርማሲስቱ ከፋርማሲው ኋላ ወዳለችው ክፍል ይዟቸው ሄደ። እዚያ የጨዋታ ክበብ አለ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ትልልቅ ሰዎች ተሰብስበው ሰማያዊ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ ትንንሽ መርከቦች ይደረድራሉ፤ የጣት አንጓ የሚያክሉ የባሕር ወንበዴዎች አሰልፈው ዳይስ እየጣሉ ይዋጋሉ። ተጫዋቹ ወንበዴዎቹን ራሱ ቀለም ይቀባል፣ ራሱ ስም ያወጣል። ለሹፌሩ እንግሊዝ አለ፣ ፈረንሳይ አለ ሲሏቸው ቆጣ ብለው «ሆላንድ የለም?» አሉ። ነበረ። ሰባት የሆላንድ ወንበዴ በካርቶን ይዘው ሲገቡ ደረታቸውን በሩ አልበቃውም።

ሚስታቸው ገና ሲያዩት «ደግሞ በስተርጅና አሻንጉሊት?» አሉ።

«መርከበኛ በይ» አሉ ሹፌሩ። በቤቱ ከዚያ በኋላ አሻንጉሊት የሚባል ቃል ቀረ።

የምግብ ጠረጴዛው ግማሹ ወደብ ሆነ። ሹፌሩ ቀለሙን በጠርሙስ ክዳን ላይ በውሃ እያቀጠኑ ሰፋፊውን ቁምጣ ቡኒ አደረጉ፣ መቀነቱን ብርቱካን፣ ኮቱን ጥቁር ሰማያዊ፣ የባርኔጣውን ላባ ነጭ። እጃቸው አንዳንዴ ይንቀጠቀጣል፤ ግን ልብስ ይቅር ባይ ነው፣ ቀለሙ ከመስመር ቢወጣም እጥፋት ነው ተብሎ ይታለፋል።

ስሙን ደግሞ ቀለሙ ሳይደርቅ ጨርሰውት ነበር። አንድ ቀን ቤተሰቡ ሻይ ሲጠጣ ቆመው አስተዋወቁ። ካፒቴኑ ራሳቸው ናቸው፤ ስሙ ቀስበቀስ፣ በሹፌርነት ዘመናቸው ጓደኞቻቸው ያወጡላቸው። መድፈኛው ሚስታቸው፤ ስሙ ዳኛው፣ በዚያ ቤት የመጨረሻው ቃል የማን እንደሆነ ስለሚታወቅ። ከማማው ላይ ባሕሩን የሚቃኘው ታላቁ ልጅ ነው፤ ስሙ መጣሁ፣ ሲደውሉለት «መጣሁ መጣሁ» ብሎ ስለማይመጣ። ገመድ የሚወጣው የሙሽሪት ባል፤ ሥራው ሊፍት መጠገን ስለሆነ ሊፍት ተባለ። ምግብ አብሳዩ የሹፌሩ እህት፤ ፌስታል ሳያንጠለጥሉ ከቤት ወጥተው ስለማያውቁ ስሙ ፌስታል። ከበሮ መቺው ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው፤ ማዕድ በቀረበ ቁጥር በሩን የሚያንኳኳው፣ ደረስኩ።

የቀረው መጥረቢያ የያዘ ጺማም ነው። መርከብ ለመርከብ ሲገጣጠሙ መጀመሪያ የሚዘለው እሱ ነው፤ መጀመሪያ የዘለለ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይመለስም። «እሱን ቅጥረኛው እንለዋለን፤ የማንም አይደለም» አሉ ሹፌሩ።

ሁሉም ሳቀ፣ ሁሉም አጨበጨበ። ሙሽሪትም አብራ አጨበጨበች፤ በልቧ ግን አንድ በአንድ ትፈልግ ነበር። የለችም። ጎረቤት እንኳ ተቆጥሯል። ደረስኩ፣ ያ ሰው፣ በሰው ቤት ዳቦ የወፈረው፣ ከበሮ ተሸክሞ ከመርከቡ ገብቷል፤ እሷ ወደቡ ላይ ቀርታለች። አፍ አውጥታ እንዳትጠይቅ ኩራት ያዛት። ሆድ ይፍጀው ብላ ሻይዋን ጨረሰች።

ችግሩ ዓይን ላይ መጣ። ልብስ ይቅር ይላል፣ ዓይን ግን ምሕረት አያውቅም። ሹፌሩ የካፒቴኑን ዓይን ሊስሉ ሲሉ እጃቸው ዘለለችና ዓይኑ ጉንጩ ላይ አረፈ። ጉንጩን አስተካክለው በዓይኑ ቦታ ጥቁር ሽፋን ቀቡበት። ወንበዴ አይደል? አንድ ዓይና ወንበዴ ያምራል። በማግስቱ መድፈኛውም አንድ ዓይና ሆነ። ከዚያ ከበሮ መቺው። ሚስታቸው መነጽራቸውን አድርገው ተራ በተራ አዩዋቸው።

«አንተ ሰውዬ፣ ሆላንድ በሙሉ አንድ ዓይና ነው እንዴ?»

«ጦርነት ነበረባቸው» አሉ ሹፌሩ።

«ይሄኛውስ? ሁለቱንም ነው የሸፈንከው። በምን አይቶ ነው የሚዋጋው?»

ሊፍት፣ የሙሽሪት ባል፣ ሻዩ ትን እስኪለው ሳቀ። ሹፌሩ አልሳቁም። ብሩሹን አስቀምጠው ቀኝ እጃቸውን ከጠረጴዛው በታች አደረጉ። ያን ያየችው ሙሽሪት ብቻ ናት። ያ እጅ ዕድሜ ልኩን ሙሉ ጭነት ይዞ በጠባብ መንገድ ሲያልፍ የማንንም አጥር ጭሮ አያውቅም፤ አሁን አፍሮ ከሰው ዓይን ተደበቀ።

«አባባ፣ እኔ ልሞክረው?» አለች።

ሹፌሩ በግራ እጃቸው ብሩሹን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት። ንቀዋት አይደለም። በክበቡ አንድ ሕግ አለ፤ ድሮ ሁለት ወንድማማቾች አንድ መርከብ አብረው ቀብተው በስም ሲጣሉ ፋርማሲስቱ የፈረደው ነው። ዓይኑን ስሎ የከፈተለት ስም ያወጣል፤ ስሙንም ከመጀመሪያው ውጊያ በፊት በሁሉም ፊት ይጠራል። ብሩሹን ከሰጧት ስሙም አብሮ ይሄዳል፤ ለቤተሰቡ የታደለው ማዕረግ ሁሉ በእሷ አፍ ላይ ይቀራል።

«ታዲያ ዕውር ይዘህ ልትዘምት ነው?» አሉ ሚስታቸው።

ሹፌሩ ብሩሹን ወደ ሙሽሪት ገፋ አደረጉት።

የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የፕላስቲክ ወንበዴዎቹን ቢነካቸው ፊታቸው እንደሚቀልጥ ታውቃለች፤ ስለዚህ ሽፋኖቹን በሳሙና ውሃና በእንጨት ስንጥር እየፋቀች አነሳች። ሁለት እጆቿን አንጓ ለአንጓ አስደግፋ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ መጀመሪያ የዓይኑን ጉድጓድ ቡኒ ቀባች፤ በላዩ ነጭ ሰረዝ፣ በነጩ ላይ ከላይ ወደ ታች አንዲት ጥቁር ጭረት። ነጥብ ካደረጉት የደነገጠ ይመስላል፤ ጭረት ከሆነ ግን ያያል። ካፒቴኑ አየ። ዳኛውም አየ፤ እንዲያውም ገላመጠ። ሹፌሩ አጠገቧ ተቀምጠው እንደ ረዳት ውሃ ይቀይሩላታል።

ዓይኗ ሥራው ላይ ስለነበር ለመጠየቅ ቀለላት።

«አባባ፣ እኔ የት ነኝ?»

«የት ምን?»

«መርከቡ ላይ። ደረስኩ እንኳ አለ።»

ሹፌሩ ውሃውን አስቀመጡ። «የት ላድርግሽ? የቀረው መጥረቢያው ብቻ ነው። እነዚህ የራሴ ናቸው፤ ቢወድቁ እኔው አዝናለሁ፣ እኔው እስቃለሁ። አንቺ የሰው ልጅ ነሽ፣ አደራ ነሽ። በመጀመሪያው ዳይስ ብትሞችብኝ የአባትሽን ፊት በምን ዓይኔ ላየው ነው?»

ቀና ብላ አየቻቸው። አይቀልዱም። ብሩሹን ክዳኑ ላይ አጋደመችው።

«አራት ዓመት ሙሉ አደራ?»

«አደራ ጊዜ የለውም» አሉ፤ እሳቸውም በዚህ ኮሩ።

ወደ ብሩሿ ተመለሰች። ጺማሙን ለመጨረሻ አስቀመጠችው፤ ዓይኑንም ከሁሉም አስበልጣ ሠራችው።

ቅዳሜ ቤተሰቡ በሙሉ፣ ጎረቤቱ ደረስኩም ሳይቀር፣ ክበቡ ሄደ። መጣሁም መጣ፣ ዘግይቶ። ፋርማሲስቱ ማጉያ መነጽር አመጣ፣ ሰዎቹም ሆላንዶቹን ከእጅ እጅ አዘዋወሯቸው። «ያያሉ እኮ» አለ አንዱ፣ «እኔን ነው የሚያየኝ።» ሹፌሩ ትከሻቸውን ነፋ አድርገው «ልብሱ የኔ ነው፣ ዓይኑ የሙሽራችን ነው» ይላሉ ለመጣው ሁሉ፤ ላልጠየቃቸውም ጭምር።

ስም መጥሪያው ሲደርስ ሙሽሪት ተነሳች። ካፒቴኑን ብድግ አድርጋ «ቀስበቀስ» አለች። ሹፌሩ የያዙትን ትንፋሽ ለቀቁ። ዳኛው፣ መጣሁ፣ ሊፍት፣ ፌስታል፣ ደረስኩ፤ አንዱንም አላጎደለች፣ አንዱንም አልቀየረች። በመጨረሻ ጺማሙን ከነመጥረቢያው ከፍ አደረገችው።

«ይሄ ደግሞ ሙሽሪት ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። «ጺም አላት እኮ» አለ ደረስኩ።

«በአራት ዓመት ጺም ቢበቅል ምን ይገርማል?» አለች።

ሹፌሩ ወደ ጆሮዋ ተጠግተው «ምን አደረግሽኝ?» አሉ። መልሷን ሳይሰሙ ወደ ጠረጴዛው ተጠሩ።

ገጣሚያቸው ፋርማሲስቱ ነው፤ እንግሊዞች ይዟል። ሹፌሩ ሁሉንም በቦታ በቦታው አቆሙና ሙሽሪትን ብቻ ከበርሜሎች ኋላ ወሸቋት። መርከቦቹ ተያያዙ። መጀመሪያ የሚዘል ጠፋ። እንግሊዞቹ እነሱው ዘለው መጡ፤ ደረስኩ ከነከበሮው ወደቀ፣ ፌስታል ወደቀ፣ መጣሁ ከማማው ሳይወርድ ተመታ። ሹፌሩ ያልባቸዋል፣ ሙሽሪት ግን ከበርሜሉ ኋላ ናት።

«መጥረቢያው ምን ይሠራል እዚያ?» አለ ፋርማሲስቱ።

«ይጠብቃል።»

«ምኑን?»

ሙሽሪት ከዚህ በላይ መቆም አቃታት። ጠረጴዛው ድረስ ሄዳ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለእሳቸው ብቻ፣ «አባባ፣ በቤታችሁ አንድ ሳህን አጥቤ አላውቅም። ይቺን እንኳ ልሥራ» አለች።

ሹፌሩ አዩዋት። ከዚያ የሚንቀጠቀጠውን እጃቸውን በሰው ሁሉ ፊት ዘርግተው ጺማሙን ከበርሜሉ ኋላ አነሱና የመርከቡ ጠርዝ ላይ አቆሙት። ዳይሱን ጣሉ። ዘለለች። ደግመው ጣሉ፤ የእንግሊዙ ካፒቴን ባለ ወርቅ ኮቱ ተዘረጋ። ወዲያው ሁለት እንግሊዞች ከግራና ከቀኝ ወረዱባትና እሷም ወደቀች፤ ግን መንገዱ ተከፍቷል፣ ዳኛውና ሊፍት ተከትለው ገቡ። ካፒቴን የሌለው መርከብ ብዙ አይቆይም፤ ፋርማሲስቱ እጁን ሰጠ።

በክበቡ ወግ ከውጊያ በኋላ የወደቁትን ባለቤታቸው አንድ በአንድ ያነሳል፣ የማን እንደሆኑም ተናግሮ ነው የሚያነሳው። ሹፌሩ ደረስኩን አንስተው «ጎረቤቴ ነው፤ ለእራት ይነሳል» አሉ፣ ሰው ሳቀ። «እህቴ ናት» አሉ ፌስታልን። «የበኩር ልጄ ነው፤ ዛሬ እንኳ መጥቶ ነበር» አሉ መጣሁን።

ከዚያ ጺማሙን አነሱ።

«ይቺስ የማን ናት?» አለ ፋርማሲስቱ።

ሹፌሩ ከፍ አደረጓት፤ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ መጥረቢያውም አብሮ ይንቀጠቀጣል፣ ግን አልደበቁትም። «የቤቴ ልጅ ናት» አሉ፣ ኋላ የቆሙትም እንዲሰሙ ጮክ ብለው። «አባቷ አደራ ብሎ ሰጥቶኝ ነበር። አደራ ይመለሳል። ይቺን አልመልስም።»

ሙሽሪት ከሰዎቹ መሐል ቆማ ሰማች። በዕድሜዋ እንደዚያን ቀን ኮርታ አታውቅም፤ ያውም ሞታ።